ፈንታው መቀመጥ ሲማር

ሰው መቀመጥ ይማራል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ ይማራል፤ እኔ ራሴ አስተምሬያለሁ። ሕፃን ልጅ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ጺሙ ያቀመቀመ፣ ብሎኬት በትከሻው እስከ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣ ጎረምሳ ነው። ፈንታው ይባላል።

ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ፣ አቡ ዓሪሽ ዳር፣ ከማሽላ እርሻ ጋር ተያይዞ በሚሠራ ሕንጻ ላይ አብረን ነበርን። የሁለታችንም ቤተሰብ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ ያገሬ ልጅ ነው፣ እኔንም «አያ ሞላ» ይለኛል። ሞላልኝ ነው ስሜ። ልዩነታችን አንድ ነው፤ እኔ ኢቃማ አለኝ፣ እሱ የለውም። እኔም ድሮ እንደ እሱው በየመን በኩል ሾልኬ የገባሁ ነኝ። ኋላ ግን አገር ቤት ተመልሼ በቪዛ መጣሁና የመኖሪያ ወረቀቴ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው። ገላዬን ስታጠብ ብቻ ነው የሚለየኝ።

ፈንታው ድንበሩን የተሻገረው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ አል-ኹባ አካባቢ የአንድ ሽማግሌ ፍየሎች ሲጠብቅ ተያዘ። አገር ቤት እስኪመልሱት ድረስ ስለ ቆየበት አዳራሽ አንድ ቀን ብቻ አውርቶኛል። «አያ ሞላ፣ እግር መዘርጊያ የለም» አለኝ። «ጉልበትህን ታቅፈህ ትውላለህ፣ ጉልበትህን ታቅፈህ ታድራለህ። ልዘርጋ ካልክ ሰው ላይ ነው የምትዘረጋው።» ከዚያ ምራቁን ጢቅ አደረገና «ሁለተኛ እዚያ ከምገባ ተራራው ላይ ብቀር ይሻለኛል» አለ። ተራራው የሚለው የድንበሩን ነው። እዚያ ስላየው ነገር ጠይቄው መልሶልኝ አያውቅም። ታዲያ አርፎ አገሩ ይቀመጣል ስትሉ ያንኑ ተራራ እንደገና ተሻግሮ መጣ። አገር ቤት ምን ጠበቀው? ምንም።

የሚሠራው በሰው ስም ነው። ሥራውን በኮንትራት የያዘው ፉአድ የሚባል ሙቃዊል፣ ሸሪፍ የተባለ ሠራተኛው ለዕረፍት አገሩ ሲሄድበት ፈንታውን በእሱ ቦታና በእሱ ስም አስገባው። ፉአድ ርካሽ ጉልበት አገኘ፣ ፈንታው ሥራ አገኘ፣ ኩባንያው ደግሞ ሸሪፍ የሚል ስም እስካየ ድረስ ፊቱን አይጠይቅም። እንዲህ ያሉ ልጆች እሱ ብቻ አልነበሩም።

አኗኗሩን ብታዩት! ሲበላ ቁጢጥ ብሎ ነው፣ ሻይ ሲጠጣም ቁጢጥ ብሎ ነው። ተረከዙ መሬት አይነካም፣ ዓይኑ ከበሩ አይነቀልም። ሲተኛ ጫማውን አያወልቅም፣ ያውም ማሰሪያውን አጥብቆ። ነጭ ፒክአፕ ሲያልፍ ብድግ፣ የውሃ ቦቴ ሲመጣ ብድግ፣ ፍየል የጫነ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ብድግ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እኔ ግን ደሜ ይፈላ ነበር። እጎኔ ሆኖ ሲቁነጠነጥ የበላሁት አይረጋልኝም። «አንተ ልጅ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቂጥህን መሬት አስነካው እንጂ!» እለዋለሁ። «መሬቱ ይፋጃል» ይለኛል እየሳቀ። መፋጀቱንስ ይፋጃል፤ የጂዛንን መሬት ለማን ትነግራላችሁ። እሱ ግን ለዚያ አልነበረም።

እንዲህ እያለን ነው ቀበቶው የመጣው።

ኩባንያው ሐናን የምትባል ወጣት ሙሀንዲሳ ላከብን። የጂዛን ልጅ ናት፣ ሥራዋ ሠራተኛው እንዳይጎዳ መጠበቅ ነው። ካርቶን ሙሉ ቀበቶ ይዛ መጣች። ቀበቶው ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ከጀርባው የክብሪት ቀፎ የምታህል ሳጥን አለችው። ጎብጠህ ከባድ ነገር ስታነሳ፣ ወይም ወገብህን ጠምዝዘህ ስትዞር ሳጥኗ ትንቀጠቀጥና ጢጥ ጢጥ ትላለች። ሐናን ደግሞ ታብሌቷ ላይ የእያንዳንዳችንን አኳኋን ታያለች። መቆማችንን፣ መጉበጣችንን፣ መቀመጣችንን ሁሉ። ደህና ከሆንክ ስምህ አረንጓዴ ይሆናል፣ ካጠፋህ ቀይ። ዓረብኛ ከሌሎቹ ስለምሻል አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። «ወገባችሁን ለማዳን ነው እንጂ እናንተን ለመሰለል አይደለም በላቸው» አለችኝ። አልኳቸው።

ማን ይመን! ቀበቶውን እንደ ጊንጥ በጣታቸው ጫፍ ያዙት። አንዱ «ይሄ ለጀዋዛት ነው የሚያወራው» አለ፤ ጀዋዛት የሚላቸው ወረቀት የሌለውን የሚለቅሙትን ፖሊሶች ነው። ሌላው ስንተኛም ያየናል አለ። ፉአድ ደግሞ «ያላ! ያላ! ያልታጠቀ ሥራ የለውም፣ ኸላስ!» እያለ አጣደፈን። ፈንታው እየታጠቀ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ሲል ልጆቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ሐናን ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ። «ቀበቶው ተስማምቶኛል ነው የሚለው» አልኳት።

እውነት ለመናገር ለሥራው ክፉ አልነበረም። ብሎኬት ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት ማንሳት ለመድን፤ እኔን ራሴን ሌሊት ሌሊት የሚወጋኝ ጎኔ ተሻለኝ። ፈንታው እንዲያውም በሥራ ላይ ቀይ በርቶበት አያውቅም። ጉዱ የመጣው በዕረፍት ነው።

አንድ ቀን ሐናን ታብሌቷን ይዛ ግራ ገብቷት መጣች። «እነዚህ ልጆች ሥራ ላይ ደህና ናቸው» አለችኝ። «የሚታመሙት ሲያርፉ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው ሙሀንዲሳ?»

አሳየችኝ። በቀትሩ ዕረፍት እኔና መሰሎቼ እንደ ጆንያ ተዘርረን ስማችን አረንጓዴ ሆኗል። በመሀል በመሀላችን ግን ቀይ ቀይ የሚሉ አሉ። «እነዚህን እያቸው» አለች። «ተቀምጠው አልተቀመጡም። ክብደታቸው በሙሉ እግራቸው ጣት ላይ ነው፣ ጀርባቸው ተወጥሯል። ሰው እንዲህ ሆኖ ያርፋል?» ስሞቹን ሳይ ላብ አሰመጠኝ። አንድም ሳይቀር ወረቀት የሌላቸው ልጆች ናቸው። ከሁሉም የባሰው ቀይ ሸሪፍ የሚለው ነበር።

ጉድ አያችሁ! ማንም ሳይጠቁም፣ ማንም ሳይጠይቅ አቀማመጣቸው ብቻ ለይቶ አወጣቸው። ልጅቷ ግን አልገባትም፤ በሽታ መስሏታል። «የወገብ ወይም የጉልበት ሕመም ነው» አለች። «ካልተሻላቸው ክሊኒክ እልካቸዋለሁ። ከዚህ ከሸሪፍ እጀምራለሁ።» ክሊኒክ ማለት ኢቃማ አምጣ ማለት ነው። ሸሪፍ አገሩ ሚስቱ ጎን ተኝቶ ሳለ የሸሪፍ ወገብ አቡ ዓሪሽ ለሐኪም ሲቀርብ ይታያችሁ። ከዚያ አሻራ፣ ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ ያ እግር የማይዘረጋበት አዳራሽ።

«ሕመም አይደለም ሙሀንዲሳ» አልኳት። «አገራችን የሚቀመጠው እንዲህ ነው።»

«አንተስ ከየት አገር ነህ?» አለችኝ። ቀበቶው በዕረፍትም እንዲጮህ አድርጋ፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ልያቸው ብላ ሄደች።

ወዲያው ፈንታውን ጎትቼ ከግድግዳው ጥላ ሥር ወሰድኩትና የሰማሁትን ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ልጥፋ?» አለኝ። «የት ትጠፋለህ፣ ይልቅ መቀመጥ ተማር» አልኩት። «ተቀመጥ!»

«ይኸው ተቀመጥኩ።»

«ይሄማ ዶሮ ሊሰርቅ የመጣ ሰው ነው። ቂጥህን አሳርፍ። ጀርባህን ለግድግዳው ስጥ። እግርህን ዘርጋ!» ዘረጋ። ትንሽ ቆየና ጉልበቱ ሳያዘው ተሰብስቦ መጣ፣ ቀበቶዋ ጢጥ አለች። እንደገና ዘረጋ፣ እንደገና ተሰበሰበ። ጭኑን በሁለት እጄ ተጭኜ ያዝኩት። እንደ አዲስ ወይፈን ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ችግሩ ጫማው መሆኑ ገባኝ፤ ጫማ ያደረገ እግር ለመሮጥ የተዘጋጀ እግር ነው። «ጫማህን አውልቅ» አልኩት። «ጫማዬንማ አላወልቅም!» አለ። «አውልቅ!» «ወላሂ አላወልቅም!» አንገት ለአንገት ልንያያዝ ትንሽ ቀረን። «እንግዲያው ክሊኒክህን ግባ!» ብዬ ብድግ ስል አወለቀ። አውልቆም ጫማውን ደረቱ ላይ አቀፈው። ያንንም ነጠቅኩት።

«ምን እያሰብኩ ልቀመጥ?» አለኝ።

«ምንም አታስብ።»

«ምንም ሳላስብ መቀመጥ አልችልም።»

«እንግዲያው ኢቃማ እንዳለህ አስብ።»

«ኢቃማ ያለው ሰው ምን ያስባል?» አለኝ። እኔም ቸገረኝ። ምን እንደማስብ አስቤ አላውቅማ። «ምሳ» አልኩት። ሳቀ። እየሳቀ ሳለ ትከሻው ወረደ።

በየቀትሩ እንዲህ ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። ሌሎቹ ልጆች መጀመሪያ አላገጡብን፣ «የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህር መጣ» ይሉኝ ነበር። ኋላ እነሱም ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ይሞክሩ ጀመር፤ ግን የፈንታውን ያህል የጨከነ አልነበረም፣ ጫማውን ያወለቀም የለም። አንድ ቀን ታዲያ ከብሳ በልተን ውሃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ ፈንታው እግሩን ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ቀበቶዋ ጸጥ ብላለች። ቆሜ አየሁት። ለካ ገና ልጅ ነው! ነቅቶ ሳለ የማይታይ ልጅነት ፊቱ ላይ አለ። ሐናን ከሩቅ ታብሌቷን ከፍ አድርጋ አረንጓዴውን አሳየችኝ። «ሸሪፍ ተሻለው፣ ክሊኒክ አያስፈልገውም» አለች። ደስታዋ ከልቧ ነበር።

ግን ይህን ስሙኝ። እሱ ሲያርፍ ዕረፍቱ ከእኔ ሄደ። ልጁ ጫማውን አውልቆ ካንኮራፋ በሩን ማን ይጠብቅ? እኔ ሆንኩ ጠባቂው። ነጭ መኪና ሲያልፍ እኔ ብድግ። ቦቴ ሲመጣ እኔ ብድግ። ምሳዬ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ሳምንት ሳይሞላ ሐናን መጣችና «አንተ ደግሞ ምን ሆንክ? ስምህ ቀይ ሆነ እኮ» አለችኝ። ኪሴን ዳበስኩ። ኢቃማዬ አለች። «ሙቀቱ ነው» አልኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የአቧራው ወራት ገባ፣ እዚህ ጎብራ ይሉታል። ሲነሳ ቀኑን ሙሉ ዓይን አያስገልጥም፣ ጥርስህ መሀል አሸዋ ይንቀጫቀጫል። በእንዲያ ያለ ቀትር ከግድግዳው ሥር እኔና ፈንታው ጎን ለጎን ተቀምጠናል፣ እሱ በባዶ እግሩ። ሌሎቹ ወዲያ ማዶ ሻይ ይጠጣሉ። እኔ በሩን ባይም የማየው አቧራ ብቻ ነው። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። አንድ፣ ከዚያ ብዙ። ከዚያ «ተፍቲሽ!» የሚል ጩኸት። ፍተሻ ማለት ነው።

ልጆቹ ብርጭቆውን እየወረወሩ ወደ ማሽላው በረሩ፣ ፖሊሶቹም ተከተሏቸው። ፈንታው ሊነሳ ሲል ጭኑን ጨምድጄ ያዝኩት። ጫማውን አጥልቆ፣ አስሮ፣ ተነስቶ የሚደርስበት ጊዜ አልነበረም። «እንዳትነሳ!» አልኩት በጥርሴ መሀል። «ምሳ አስብ!» እግሩን እንደዘረጋ ቀረ። ልቡ ሲመታ እኔ ጎን ድረስ ይሰማኛል።

አለቃቸው ከሐናን ጋር እያወራ ወደ እኛ መጣ። ተዝናንተን የተቀመጥነውን ሁለት ሰዎች አየ። «ሰላም ዐለይኩም» አለ። «ወዐለይኩም ሰላም» አልን። አለፈን። አምላኬ፣ አለፈን! ወረቀት የሌለው ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል ብሎ ማን ይገምታል?

ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄደ ነው ጢጥ ጢጥ ያለው።

ዞሬ ሳይ የፈንታው ጉልበት ተሰብስቧል፣ ተረከዙ ከመሬት ተነስቷል። እሱ ራሱ አላወቀም፤ ድምፁን ሲሰማ ደነገጠ። ሰውዬው ዞረ። «ይሄ ምንድነው?» አለ።

«የሠራተኛውን አኳኋን የሚለካ ቀበቶ ነው» አለች ሐናን፣ በሥራዋ እንደምትኮራ ሰው ፈጠን ብላ። «ይሄ ድምፅ ሰውየው አላረፈም፣ ተነስቶ ሊ…» አቆመች። የፈንታውን ተረከዝ አየች። ከኒቃቧ በላይ ዓይኗ ሲፈጥ አየሁት፤ ያኔ ነው የገባት። ያ ሁሉ ቀይ፣ ያ ሁሉ ሕመም ያለችው ነገር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት።

«ተነስቶ ሊ ምን?» አላት ሰውዬው። መልስ ግን አልጠበቀም፤ እጁን ወደ እኛ ዘረጋ። «ኢቃማ!»

ሮጥኩ።

እኔ ነኝ የሮጥኩት። ባለ ኢቃማው ሞላልኝ። ግድግዳውን ዞሬ፣ የፌሮ ክምር ዘልዬ ወደ ማሽላው። ከኋላዬ አለቃው እየጮኸ ሲሮጥ እሰማለሁ፣ በሩ ላይ የነበረው ፖሊስም ተከትሎኛል። ማሽላው ፊቴን ይገርፈኛል። የውሃ ቦይ ጠለፈኝና በአፍጢሜ ተደፋሁ፤ ጉልበት ጀርባዬ ላይ አረፈ። «ኢቃማ አለኝ!» አልኩ በአፈር በተሞላ አፌ። ኪሴን ፈትሾ አወጣት። ፊቷን አየ፣ ጀርባዋን አየ፣ እኔን አየ።

«የአንተ ናት?»

«የኔ ናት።»

«ታዲያ ለምን ሮጥክ?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። አንገቴን ይዞ አስነሳኝና «ወላሂ ይሄ እብድ ነው» አለው ለጓደኛው። ሳቁብኝ። ቁጥሬን በስልክ እያጣሩ ወደ ሕንጻው መለሱኝ።

ከግድግዳው ሥር ጫማው ብቻ አለ። ሐናን ታብሌቷን ይዛ እዚያው ቆማለች። በእጇ አሻግሬ ሳይ ሸሪፍ የሚለው ስም ይራመዳል፤ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ እርምጃው የረጋ፣ አረንጓዴ። አቧራው ለአፍታ ሳሳ ሲል እሱንም አየሁት። በሩን አልፎ በፖሊሶቹ መኪና ጥግ ይሄዳል። አልሮጠም! በባዶ እግሩ፣ በዚያ በሚፋጅ መሬት ላይ፣ ሱቅ ደርሶ እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብሎ ይሄዳል። እግሩን እንኳ ከፍ ከፍ አያደርግም። እኔ ነኝ የተቃጠልኩለት። ሂድ፣ እባክህ እንዳትዞር እያልኩ በሆዴ ለመንኩት።

«እዚህ የነበረውስ?» አለ አለቃው።

ሐናን ታብሌቷን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ክሊኒክ ልኬዋለሁ» አለች። «ወገቡን በጣም ነው የሚያመው።» ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጥቅጧል፤ እሱ አላወቀባትም፣ ወይም እንዳላወቀ ሆነ። ኢቃማዬን ደረቴ ላይ ወርውሮልኝ ወደ መኪናው ሄደ። በዚያ ቀን ከልጆቹ ብዙዎቹ ተያዙ። ከእነሱ መሀል ፈንታው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ በአቡ ዓሪሽ የሐበሻ ቤት ሁሉ ወሬው እኔ ሆንኩ። ወንድ ማለት ሞላልኝ ነው፣ ለወንድሙ ብሎ ራሱን ለዱላ ሰጠ፣ ተባለ። ሻይ የሚገዛልኝ በዛ። እኔ ግን ለራሴ ልዋሽ? ሰውዬው «ኢቃማ» ሲል ስለ ፈንታው ያሰብኩት ምንም ነገር አልነበረም። ያቺን ቃል ሰማሁ፣ እግሬ ተነሳ፣ ኸላስ። ወረቀቱን ያገኘ ኪሴ ነው፤ እግሬ ገና አልሰማም። ሲያመሰግኑኝ ይበልጥ እበሳጫለሁ፤ አንዱንማ ሻዩን ልደፋበት ነበር።

ዓርብ ጠዋት በማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። «አያ ሞላ፣ አለሁ» አለ። አል-ዓሪዳ ተራራ ላይ አንድ ባለ ፍየል ጋ ደርሷል። ቀበቶዋን ጉድጓድ ውስጥ ጥሏታል። የውስጥ እግሩ ተልጦ መርገጥ አቅቶታል፣ ሰውዬው ቅቤ ቀብቶለታል። ሰደብኩት፤ ያን ያህል ቀን ሳትደውል ብዬ የአፌን ሁሉ አወረድኩበት።

«አያ ሞላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ ኋላ። «ያኔ የሮጥከው ለእኔ ብለህ ነው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ከተወለድኩ ሰው ለእኔ ብሎ እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም» አለ። «መንገዱን ሙሉ ሳስበው የነበረው እሱን ነው። እሱን እያሰብኩ ነው መሮጤን የተውኩት። አያ ሞላ ለእኔ ብሎ ከተያዘ እኔ ሮጬ ብያዝ ምን ዋጋ አለው አልኩ። ለእኔ ነው አይደል?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ የሰው ስህተት ሳላርም የማድር ሰው አይደለሁም፣ ያወቀኝ ያውቀዋል።

«ታዲያ ለማን ብዬ ነው፣ አንተ ደነዝ!» ብዬ ጮህኩበት።

ማልቀስ ጀመረ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ፣ እስኪወጣለት ድረስ ሰማሁት።